ከአንድ ወገን የሚመጣ ብርሃን

ሐምሌ 23 ቀን 1976

ዝናብ። ቀኑን ሙሉ የስብሰባ ጥሪ ስተይብ ዋልኩ። አሥረኛው የአብዮት በዓል ደርሷል፣ ቀበሌው በሙሉ ይሯሯጣል። ከቢሮዬ ቀጥሎ ያለውን አሮጌ መጋዘን ለሠዓሊ ሰጡት። ጋሽ ዓምሃ ይባላሉ። ሃምሳ ዓመት ቢሆናቸው ነው። የሱቅ ታፔላ ሲጽፉ የኖሩ ሰው ናቸው፣ አሁን ለሰልፉ ትልቅ የኮምፔንሳቶ ሰሌዳ ላይ እንዲስሉ ታዘዋል።

ደብዳቤ ላደርስላቸው ስገባ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ተከፍቶ አየሁ። የጣሊያን ሥዕሎች። ጎሚስታ ቤት የነበረው ጣሊያን ሀገሩ ሲገባ ትቶላቸው ነው። ገጹ ላይ አንዲት ሴት ሕፃን ታቅፋለች... ማርያም ናት መሰለኝ። ግን ጎረቤት ትመስላለች። ቆሜ ስንት ደቂቃ እንዳየኋት አላውቅም።

ሐምሌ 27

ምሳዬን መጋዘኑ ውስጥ በላሁ። ጋሽ ዓምሃ ሁለት ሥዕል እያቀያየሩ አሳዩኝ። አንዱ የራፋኤል፣ አንዱ የካራቫጆ። በመካከላቸው መቶ ዓመት አይሞላም አሉኝ። በራፋኤል ብርሃኑ ሁሉም ጋ ደርሷል፤ ሣሩም፣ ሰማዩም፣ የልጁም ጉልበት ጸጥ ብሏል። ህዳሴ የሚሉት ያንን ጊዜ ነው። በካራቫጆ ግን ጨለማ ነው። ብርሃኑ ከአንድ ወገን ገብቶ አንድ ትከሻ፣ አንድ ግንባር ብቻ ይይዛል። ባሮክ ሲጀምር እንዲህ ነበር አሉ። ካራቫጆ ለቅዱሳኑም ፊት የመንገድ ሰው እያመጣ ያስቀምጥ ነበር።

የትኛው እንደሚሻል ጠየቅኳቸው። ጠዋት ጠዋት ራፋኤልን እወዳለሁ፣ ሲደክመኝ ሌላውን አሉኝ።

አዲሱ ገበያ አውቶቡስ ስጠብቅ ደመናው ተሰነጠቀና የአንዲት ሽንኩርት ሻጭ ግማሽ ፊት ብቻ በራ። ሳያት አውቶቡሱ አመለጠኝ።

ነሐሴ 3

ይኼን መጻፍ አለብኝ። ለማንም አልነግርምና።

ለሰሌዳው መሃል "እናት" ትሳል ተብሏል። ጋሽ ዓምሃ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው ከሚወርዱት ሴቶች አንዷን አመጡ። ሾዴ ትባላለች። ሸክሟን አውርዳ እንድታርፍ አስቀመጧት፣ መስኮቱ በግራዋ። ብርሃኑ ትከሻዋ ላይ ገመድ የሠራውን ጠባሳ ያዘው። መጽሐፉ ውስጥ የገባች መሰለኝ።

ገንዘብ ያዧ ብርቅነሽ በበሩ አንገቷን አስገብታ "ቢሮው ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ሸተተ" ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ያኔ ሾዴ ቀና ብላ አየችኝ።

"የየዓለምወርቅ ልጅ አይደለሽም? ወገቧን ተሻላት?"

ብርቅነሽ አሁንም በሩ ላይ ቆማለች። "ተሳስተሻል፣ አላውቅሽም" አልኳት። በእናቴ ዕድሜ ያለችን ሴት... "አንቺ" ብዬ። ወደ መስኮቱ ዞረች።

እናቴ አሥራ ስድስት ዓመት ከሾዴ ጋር እንጨት ተሸክማ ነው ያሳደገችኝ። ቢሮ ስገባ ግን ጥጥ ትፈትላለች አልኩ። ስብሰባ ላይ "ጭቁን" ሲባል ሁሉም ያጨበጭባል፣ ከስብሰባ ሲወጣ እንጨት ተሸካሚ ስድብ ነው። ይኼ ምክንያት ይሆናል? አይሆንም።

ነሐሴ 4

ቀኑን ሙሉ በመጋዘኑ በኩል አላለፍኩም።

ነሐሴ 9

ጾም ነው። እናቴ ወገቧን ይዛ ከቅዳሴ ስትመለስ ፊቷን ማየት አቃተኝ። ሾዴ ሦስት ቀን ተመላልሳ ነበር፤ አንድም ጊዜ ቀና ብላ አላየችኝም።

ጋሽ ዓምሃ ዛሬ፣ በፍልሰታ መሃል፣ ካራቫጆ የሳላትን የእመቤታችንን ዕረፍት ከፈቱልኝ። ቀይ ቀሚስ ለብሳ ተጋድማለች። እግሯ ባዶ። ሰውነቷ ያበጠ። አንዲት ሴት ዝቅተኛ ወንበር ላይ ተደፍታ ታለቅሳለች። መላእክት የሉም፤ ከላይ ትልቅ ቀይ መጋረጃ ብቻ። ያሠሩት የቤተ ክርስቲያን ሰዎች አንቀበልም ብለው መለሱት አሉኝ።

"ለምን?"

"የሰፈር ሴት መሰለቻቸዋ።"

ሰሌዳውን ዞሬ አየሁት። ሾዴ እዚያ ተቀምጣለች፣ ሸክሟ ከጎኗ፣ ግማሽ ፊቷ ብርሃን... ድካሟ ያምራል። ድካም እንደሚያምር ማን ነገረኝ? ማንም።

ነሐሴ 10

ሕልም። ቀዩ መጋረጃ ከእንጦጦ እስከ አዲሱ ገበያ ተዘርግቷል። ሴቶቹ ከስሩ ይወርዳሉ፣ ያለ ሸክም ግን እንዳጎነበሱ። እናቴ መሃላቸው አለች። ልጠራት አፌን ከፈትኩ፣ ስሟ ጠፋኝ።

ነሐሴ 24

ሊቀመንበራችን ጓድ ቦጋለ ከሁለት ጓዶች ጋር መጥተው ሰሌዳውን አዩ። ከዚያ ጓድ ቦጋለ "ይቺ ሴትዮ ደክሟታል" አሉ። "ከአሥር ዓመት አብዮት በኋላ ማን ነው የሚደክመው?"

ወጣት ትሁን። ፈገግ ትበል። እንጨቱ በስንዴ ነዶ ይተካ። ትእዛዙን የተየብኩት እኔ ነኝ፣ ሦስት ቅጂ በካርቦን። "ይህ ባይፈጸም ሠዓሊው በኃላፊነት ይጠየቃል" የሚለው ላይ ጣቴ ቆመ። ምን ማለት እንደሆነ እዚህ ሰፈር የማያውቅ የለም።

ጋሽ ዓምሃ አንብበው፣ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ሌላ ኮምፔንሳቶ የለም፣ እላይዋ ላይ ነው የምሠራው አሉ።

ነሐሴ 26

ጋሽ ዓምሃ ፊቴን ፈለጉት። ወጣት፣ ቅርብ፣ ወጪ የሌለው ፊት።

"እሷ ላይ?" አልኳቸው።

"እሷ ላይ።"

አልችልም ብዬ ወጣሁ። ምክንያቱን ጠየቁኝ፣ አልተናገርኩም። እንዴት ይነገራል? አላውቅሽም ያልኳት ሳያንስ... አሁን ደግሞ በገዛ ፊቴ ልሸፍናት?

ነሐሴ 28

ሄድኩ። እኔ ባፈርኩ እሳቸው ለምን ይታሰሩ?

በሾዴ ቦታ ተቀመጥኩ፣ መስኮቱ በግራዬ። ሰሌዳው በጎን ይታየኛል። ፈገግ በይ አሉኝ፣ አልመጣም። ብሩሹ ዐይኗን ሸፈነ። ግራውን መጀመሪያ፣ ከዚያ ቀኙን። ያኔ ነው ቃሉ የወጣልኝ።

"ጋሽ ዓምሃ፣ እናቴ እንጨት ተሸካሚ ነበረች። ሾዴ የጠየቀችኝ ስለ እሷ ነው። ብርቅነሽን አፍሬ ነው የካድኩት።"

ብሩሹ አልቆመም። "ለእኔ መናገርሽ ምን ይሠራልኛል?" አሉ ቀስ ብለው። "የሾዴ ቤት ከቁስቋም ማርያም በላይ ነው።"

ዝናቡ ቆርቆሮውን እየመታ፣ የዘይት ቀለሙ እየሸተተኝ፣ እስኪመሽ ተቀመጥኩ። የሆነ ሰዓት ላይ የተቀመጥኩት እኔ ልሁን እሷ ተምታታብኝ።

መስከረም 2 ቀን 1977

ሰልፍ። ሰሌዳውን ስምንት ሰው ተሸክሞት ወጣ። ትልቅ ነኝ። ነዶ ታቅፌያለሁ። ፈገግታው የእኔ አይደለም፣ ጋሽ ዓምሃ ከየት እንዳመጡት እንጃ። ሰው አጨበጨበ፤ ጓድ ቦጋለም ደስ ብሏቸዋል። ብርቅነሽ ክንዴን ይዛ ቆንጆ ሆነሻል አለችኝ። እኔ ግን ከቀለሙ ስር ያለው ፊት ነው የሚታየኝ። ጋሽ ዓምሃ ከኋላ ብቻቸውን፣ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ይሄዳሉ።

መስከረም 6

እናቴን እትዬ ሾዴን እንጠይቅ አልኳት። ደስ አላት። ያንን ዳገት ስድስት ዓመት አልወጣችውም። አሥር ጊዜ ሳናርፍ አልቀረንም።

ሁለቱ ተቃቅፈው ብዙ ቆዩ። አማርኛውንም ኦሮምኛውንም ደባልቀው ስለ ወገብ፣ ስለ ደን ጠባቂዎቹ፣ አብረዋቸው ሲወርዱ ስለሞቱት ሴቶች አወሩ። ዝም ሲሉ ጠብቄ ተናገርኩ።

"እትዬ ሾዴ፣ ያን ቀን አልተሳሳቱም። አውቄዎት ነበር።"

"እኔስ መቼ ጠፋኝ? እናትሽ ሰምታ እንዳታዝን ብዬ ዝም አልኩ።"

እናቴ ምኑን አለች። ነገርኳት። ሁሉንም፣ ሳቄንም ጭምር። እናቴ የገዛ መዳፏን ገልብጣ ታይ ጀመር።

ለእትዬ ሾዴ ፊታቸው ላይ ቀለም እንደተቀባበት፣ የኔው ከላይ እንዳለ ነገርኳቸው። "እንጨቱንስ ምን አደረገው?" አሉኝ። ስንዴ አደረጉት አልኳቸው። "ስንዴ ይሻላል፣ ይቀላል" ብለው ሳቁ። ይቅርታ ያደረጉልኝ እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ስንወርድ እናቴ እስከ አዲሱ ገበያ ድረስ ፊቷን ከእኔ እንዳዞረች ነበር። ቁልቁለቱ ላይ ክንዷን ስይዝ ግን አልነጠቀችኝም።

መስከረም 7

ጠዋት ልወጣ ስል እናቴ ነጠላዋን ለብሳ በር ላይ ቆማለች። አብሬሽ እሄዳለሁ አለች። እሺ አልኳት።

ቢሮው ሰው ሞልቶታል። ብርቅነሽ ደብተሯ ላይ አጎንብሳለች።

"እናቴ ናት" አልኩ። "የዓለምወርቅ ትባላለች። ከእንጦጦ እንጨት ትሸከም ነበር።"

ብርቅነሽ ፊቷ ቀላ። ከዚያ ተነስታ ወንበሯን ለቀቀችላት። እናቴ በእጇ ዳሰስ አድርጋ ተቀመጠች፣ ትንሽ አረፈች። ወደ ታይፑ አመለከተችኝ።

"ስሜን ጻፊልኝ እስቲ።"

አዲስ ወረቀት አስገብቼ ቀስ ብዬ መታሁት። አታነብም፣ ግን ፊደሎቹን አንድ በአንድ በጣቷ ነካቻቸው። ከዚያ ወረቀቱን በአራት አጥፋ መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው።