ወይዘሮ ይቆጠር ያስቆሙኝ ቀን

ውድ እታለሜ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ደረጃ ያስወጣሽ ጀመር ወይስ አሁንም እየተሟገታችሁ ነው? የእማማ ሳል ለቀቃት? ባለቤትሽስ፣ ያ የማይስቅ ሰውዬ፣ ደህና ነው? እኔ ራሴ የምሠራው ምግብ ካልገደለኝ በስተቀር ደህና ነኝ። ናፍቆታችሁን ግን አልቻልኩትም።

በዚህ ሳምንት ጉድ ልሆን ለጥቂት ነው የተረፍኩት። ለእማማ እንዳትነግሪያት፤ ልጄ የኮምፒውተር ሊቅ ነው እያለች ጎረቤቱን ሁሉ አደንቁራዋለች።

እንደምታውቂው የዓይን ሕክምና ቤቱን ኮምፒውተሮች የምጠብቀው እኔ ነኝ። ሐኪሙ የታካሚውን ዓይን ውስጡን ፎቶ ያነሳል፤ ከዓመት በኋላ ደግሞ ያነሳና ሁለቱን አስተያይቶ ዓይኑ ብሶበት እንደሆነ ይለያል። አሮጌው ፎቶ ከጠፋ ሐኪሙም በዳበሳ ነው። ስለዚህ በየዓርቡ ፎቶዎቹን ሁሉ ጠቅልዬ ሌላ ዲስክ ላይ መጠባበቂያ አስቀምጣለሁ። ኮምፒውተሩ በአረንጓዴ «ተጠናቋል» ብሎ ይጽፍልኛል፣ እኔም መዝገቡ ላይ ፈርሜ ወደ ቤቴ። ስድስት ዓመት እንዲሁ!

ማክሰኞ ዕለት ፎቶዎቹ ያሉበትን ያረጀ ኮምፒውተር በአዲስ ልንተካው ስለሆነ ውስጡን ሙልጭ አድርጌ ላጠፋ ቁልፉን ልጫን ስል ወይዘሮ ይቆጠር መጡ። እውነተኛ ስማቸው አይደለም፤ ሃያ ዓመት ግምጃ ቤት ሠርተው ነው ወደ መዝገብ ክፍል የመጡት፣ ሳይቆጥሩ መርፌ እንኳ ስለማይረከቡ ከኋላቸው እንዲያ እንላቸዋለን። ስንት ነበር፣ ስንት ገባ ብለው ጠየቁኝ። አረንጓዴውን አሳየኋቸው። ቀለሙንማ አየሁት የኔ ልጅ፣ ቁጥሩን ነው የጠየቅኩህ አሉኝ። ደስ ይበላቸው ብዬ ቆጠርኩ። ወይ ጉዴ! ኮምፒውተሩ ላይ ሦስት ሺህ አራት መቶ አሥራ ሁለት፣ መጠባበቂያው ውስጥ ሦስት ሺህ አንድ መቶ ሰባ አንድ።

ለካ የአሮጌው ኮምፒውተር ዲስክ አርጅቶ አንዳንዱ ፎቶ አልነበብም ብሏል፤ የሚጠቀልለው ፕሮግራም ደግሞ ማንበብ ያቃተውን ትንፍሽ ሳይል ይዘልለዋል፣ ከባዱን ጥያቄ ዘልሎ ጨርሻለሁ እንደሚል ተማሪ። የጎደሉትን ስም ስናይ ጋውናችንን የምትሰፋልን ልብስ ሰፊ አለችበት። ሐሙስ ቀጠሮ ነበራት፤ ቀዶ ሕክምና ይደረግላት ወይስ ትጠብቅ የሚባለው ያን ቀን ነው። ዓይኗ ከሄደ ሥራዋም ሄደ።

ወይዘሮ ይቆጠር አልጮሁብኝም፣ ወደ አለቃም አልሮጡም። ወንበር ስበው አጠገቤ ቁጭ አሉ። ሁለት ቀን ሙሉ እኔ ያልተነበበውን ደጋግሜ እሞክራለሁ፣ እርሳቸው አንድ በወጣ ቁጥር በእርሳስ ይጭራሉ። ስሰለች አንድ እንጨምር ይሉኛል። እታለሜ፣ እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም። የልብስ ሰፊዋ ፎቶ ረቡዕ ከሰዓት ሲወጣ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። እርሳቸው ጭረታቸውን አድርገው ቀጥል አሉኝ።

በመጨረሻ ዘጠኙ እምቢ አሉ። መዝገቡ ላይ «ተጠናቋል» ብዬ ልጽፍ ስል እጄን ያዙኝ፤ ዘጠኝ ጠፍቷል ብለህ ጻፍ አሉኝ። ጻፍኩ። ለዘጠኙም ታካሚዎች እኔው ደውዬ ጥፋቴን እንድናገር አደረጉኝ። አንዱ የሰደበኝን ስድብ እዚህ ልጽፍልሽ አልደፍርም፤ እውነቱን ነው ግን።

ዛሬ ሐኪሙ ሁለቱን ፎቶ አስተያይቶ የልብስ ሰፊዋ ዓይን ክፉኛ እንደባሰበት አየ። ሰኞ ቀዶ ሕክምና ትገባለች። አሮጌው ባይገኝ ኖሮ ስድስት ወር ጠብቂ ሊላት ነበር፤ ዓይኗ ግን ያን ያህል አይጠብቃትም ነበር አለኝ። እኔ ያዳንኳት መስሏት ልታመሰግነኝ መጣች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እጇን ይዤ ወደ ወይዘሮ ይቆጠር ጠረጴዛ ወሰድኳት። እርሳቸው የዛሬዎቹን ፎቶዎች እየቆጠሩ ስለነበር ቀና ሳይሉ በእጃቸው ቆዩ አሉን። ልብስ ሰፊዋ እንባዋን እየጠረገች፣ እኔም አጠገቧ፣ ቆጥረው እስኪጨርሱ ቆመን ጠበቅናቸው።

እማማን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ሁለቱን ሴቶች ልጆችሽን ጉንጫቸውን፣ ታናሻችንን ደግሞ ጆሮውን ቆንጥጠሽ ሳሚልኝ፤ ደብዳቤ አይጽፍም። ባለቤትሽን ስለ እኔ ብለህ አንዴ ፈገግ በል በይው።

የሚወድሽ ወንድምሽ

ከመዝገብ ክፍሉ፣ ሐሙስ፣ ኅዳር 14 ቀን