የወደቡ ተኩላዎችን ታሪክ ማን ጻፈው

ሰኞ፣ ኦክቶበር 19፣ 2015

ካርቶኑን በመቀስ ቀድጄ ናሙናውን ሳወጣ ሽፋኑ ላይ የጋሼ መኮንን ስም ነበር። የሳቸው ብቻ። «የወደቡ ተኩላዎች፦ የአንድ የስኮትላንድ የበረዶ ሆኪ ክለብ ታሪክ»፣ ከሥሩ በትልቁ መኮንን አበራ። የኔ ውስጥ ይሆናል ብዬ ገለጥኩ። አራተኛው ገጽ ላይ፣ ከታች፣ በደቃቅ ፊደል፦ «ሕይወትን ለታይፕ ሥራዋ እናመሰግናለን።» የአባቴ ስም እንኳን የለም።

አሥራ አንድ ወር ለፍቼ፣ ለታይፕ።

ጋሼ መኮንን መኪናቸውን ፓርክ አድርገው ቁልፋቸውን እያንቃጨሉ ገቡ። የሽፋኑ ቢጫ ቀለም እንዳልደበዘዘ ጠየቁኝ። አራተኛውን ገጽ ከፍቼ አሳየኋቸው። አላፈሩም። የሚገርመኝ ይሄ ነው፣ ምንም አላፈሩም።

«የቤቱ ሥራ በቤቱ ስም ነው የሚወጣው» አሉ። «የሠርግ ፕሮግራም ላይ ስምሽን ትጽፊያለሽ እንዴ?»

የሠርግ ፕሮግራም! ቤቱ የሚሉት ሐበሻ ሰፈር፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ያለችው ጠባብ ማተሚያቸው ናት። የሠርግ ካርድ፣ የቤተ ክርስቲያን በራሪ ወረቀት፣ የኢሚግሬሽን ፎርም እንሠራለን። መጽሐፍ ሠርተን አናውቅም። ጋሼ መኮንን ሃያ ዓመት ታክሲ ሲነዱ ፓሳዴና የሚኖሩ ሚስተር ዳንከን የሚባሉ ስኮትላንዳዊ ሽማግሌ ደንበኛ ነበሯቸው። በወጣትነታቸው የክለቡ በረኛ የነበሩ ናቸው። የድሮ ተጫዋቾችና ቤተሰቦቻቸው ሲሰባሰቡ የሚታደል የክለቡን ታሪክ ማስጻፍ ፈለጉ። ጋሼም ቢሮዬ ይሠራዋል አሉ። በቢሮው ውስጥ ታሪክ የተማረ ሰው እኔ ብቻ ነኝ።

እርማቱ እስከ ዓርብ እኩለ ቀን መጽሐፉን ለሚያትመው ትልቅ ማተሚያ ቤት መመለስ አለበት። ከዚያ በኋላ ይታተማል።

ማክሰኞ፣ 20

መቀመጥ አልቻልኩም። ከቤት እስከ ሥራ በእግሬ ሄድኩ፣ በፒኮ ጎዳና ሦስት አውቶቡስ አለፈኝ። ሥራ ላይ የጥምቀት ካርድ አበላሽቼ ሁለቴ አተምኩ። ጋሼን ሳላናግር ዋልኩ።

ያደረግኩትን ልጻፈው፣ ነገ እኔው ራሴ እንዳልጠራጠር።

ዘጠኝ ካርቶን የጋዜጣ ቁራጭ በየዓመቱ ለየሁ። ከወደቡ ይዘውት የመጡት የዓሣ ሽታ አለቀቃቸውም።
ሚስተር ዳንከን የተረኩበትን አርባ ካሴት አዳመጥኩ። የመጀመሪያዎቹን አምስት፣ እንግሊዝኛ መሆኑን ለማመን ብቻ ሦስት ጊዜ።
ጨዋታውን ተማርኩ። በሕይወቴ በበረዶ ላይ ቆሜ አላውቅም።

ሰናይት፣ አብራኝ የምትኖረው፣ ያኔ ሆኪ ምንድን ነው ስትለኝ ገና ነው፣ በበረዶ ላይ፣ ጫማቸው ሥር ስለት አስረው የሚጫወቱት፣ አልኳት። «ሶ፣ ገና አልበቃ ብሏቸው ቢላ ጨመሩበት» አለች። ከዚያ ወዲህ ተኩላዎቹን «ባለቢላዎቹ» ነው የምትላቸው። ዛሬ ሽፋኑን ሳሳያት ግን አልቀለደችም። ሳህኑን አስቀምጣ፣ «ስኮትላንድን በካርታ ላይ ያሳየኋቸው እኔ ነኝ፣ ጀርመን ጋ ሲፈልጉ» አለች። እውነቷን ነው። ጋሼ መኮንን ምሳ ሊበሉ እሷ የምታስተናግድበት ሬስቶራንት ገብተው ጠይቀዋታል።

ከሁሉ የምወደው የውጤት ወረቀቶቹን ነበር። በዚህ ጨዋታ ጎል ሲገባ ያገባው ብቻ አይደለም የሚመዘገበው። እንደ ኳስ የሚመቷትን ጠፍጣፋ ጎማ ያቀበለውም፣ ለሱ ያቀበለውም ይጻፋል። ውሃ የበላው፣ ቀለሙ የፈሰሰ ወረቀት ላይ፣ ስልሳ ዓመት አልፎት፣ የአቀባዮቹ ስም አለ። ማንም እንደ ውለታ አይቆጥረውም። ሕግ ነው። ዓሣ ጠራቢው፣ የፖስታ ቤቱ ልጅ፣ ከካናዳ በመርከብ የመጡት ከዋክብት፣ ሁሉም በየተራው።

ረቡዕ፣ 21

ሽማግሌ ላኩብኝ።

ከሥራ እንደገባሁ በሩ ተንኳኳ። የቅመም ሱቋ እትዬ ብርቄና የሰፈሩ አስታራቂ ጋሼ ታደሰ፣ ኮቱን ለብሶ፣ በዚህ ሙቀት። ሻይ አፈላሁ። ስለ ንፋሱ፣ ስለ ኪራይ፣ ስለ ሰናይት አለማግባት ተወራ። ከዚያ ጋሼ ታደሰ ጉሮሮውን ጠረገና መኮንን እንደ አባትሽ ነው አለ። ሥራ የሰጠሽ፣ ለትምህርትሽ ደብዳቤ የጻፈልሽ እሱ ነው። አባትና ልጅ ይጋጫል፣ ይቅር በይው።

«ምን አጠፉ ብላችሁ ነው ይቅር የምላቸው?» አልኩ።

ተያዩ።

«እሱን እንተወው፣ ልጄ» አሉ እትዬ ብርቄ። «ጥፋት ስንቆጥር አይመሽብንም?»

እስኪ ይምሽ፣ እኔ አልቸኩልም፣ አጠፉ ካላችሁ ጥፋቱን ንገሩኝ፣ አላጠፉም ካላችሁ ለይቅርታ ምን አመጣችሁ፣ አልኩ። ጋሼ ታደሰ ፈገግ ብሎ «የተማረ ሰው አስቸጋሪ ነው» አለ። እትዬ ብርቄ ግን አልሳቁም። አሥራ አራት ዓመቴ ሆኖ እዚህ ስመጣ የመጀመሪያውን የትምህርት ቤት ቦርሳ የገዙልኝ እሳቸው ናቸው። አውቶቡስ መሳፈርን ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። እጄን ያዙና «ለኔ ስትይ» አሉ።

እሺ አልኩ።

መረቁኝ። «ጨዋ ልጅ» አለ ጋሼ ታደሰ ሲወጣ። አንዱን ብርጭቆ አራት ጊዜ አጥቤዋለሁ መሰለኝ። ከሁሉ የሚያናድደኝ የጋሼ መኮንን ሥራ አይደለም አሁን፣ የኔ እሺ ነው።

ሐሙስ፣ 22

ጠረጴዛዬ ላይ ኬክ ጠበቀኝ። ያለፈው አለፈ አሉ ጋሼ መኮንን፣ እርማት ከሌለሽ ነገ ጠዋት ለማተሚያ ቤቱ እልከዋለሁ።

ስድስተኛው ምዕራፍ እንዴት ነው አልኳቸው።

«የቱ ነው እሱ?»

ስድስተኛው ምዕራፍ! የሚጫወቱበት የበረዶ ቤት ጣሪያው ተበላሽቶ ተዘጋ፣ ክለቡ ፈረሰ፣ ተጫዋቾቹ ተበተኑ። ደጋፊዎቹ ግን ቡድን ሳይኖራቸው ለዓመታት በየሳምንቱ ቅዳሜ እየተሰበሰቡ ሎተሪ ሲሸጡ፣ ቃለ ጉባኤ ሲይዙ ኖሩ። አንዲት ሴት ማልያዎቹን በየፀደዩ አጥባ ታሰጣ ነበር። አዲስ በረዶ ቤት ተሠርቶ አዲሶቹ ባለቤቶች ስሙን እንቀይር ሲሉ እነዚያ ሰዎች ቃለ ጉባኤያቸውን ይዘው መጡ፣ ክለቡ አልሞተም፣ ይኸው ብለው። የመጽሐፉ ልብ ይሄ ነው። በጋሼ መኮንን ስም የወጣው መጽሐፍ።

አላነበቡትም። ይህንኑ ፊት ለፊት ነገርኳቸው።

ተቀመጡ። መነጽራቸውን አወለቁ። ደብረ ማርቆስ ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ ስለ ጎጃም ወንዞች መጽሐፍ ጽፈው ነበር፣ በእጃቸው። ሲሰደዱ ለባልንጀራቸው አደራ ሰጡት። ፍተሻ መጣ ሲባል ሰውዬው ፈርቶ አቃጠለው። ይህን ነግረውኝ አያውቁም ነበር።

«አንቺ ገና ስንት ትጽፊያለሽ» አሉኝ። «እኔ ይቺን አንዷን ነው።»

ወጣሁ። ፌርፋክስን እስከ ኦሎምፒክ ጎዳና ሄጄ ተመለስኩ፣ እንደገና ሄድኩ። አዘንኩላቸው። አሁንም አዝናለሁ። ግን ወንዞቹን ያቃጠለባቸው እኔ አይደለሁም። የሳቸው የተቃጠለው የራሳቸው ስለነበር አይደል የሚያማቸው? ታዲያ የኔ ለምን አያመኝም?

እዚያው መንገድ ላይ ቆሜ እትዬ ብርቄ ጋ ደወልኩ። ትናንት ያልኩትን እሺ አንስቻለሁ አልኳቸው።

«እሺ ይመለሳል እንዴ?» አሉ። «ልብስ ነው?»

ይመለሳል፣ አልኩ። ዘጉብኝ።

ከዚያ ተመልሼ ለጋሼ መኮንን ነገ ጠዋት ፓሳዴና ሚስተር ዳንከን ጋ እንደምሄድ ነገርኳቸው። ከጀርባ አልሠራም። ቀና ብለው ሳያዩኝ «ከሄድሽ አትመለሺ» አሉ። ኬኩን እዚያው ትቼ ወጣሁ።

ዓርብ፣ 23

አውቶቡስ፣ ከዚያ ባቡር። ካሴቶቹን ስሰማ የሞላኋቸውን ሰባት ደብተሮች በቦርሳ ይዤ። መንገዱን ሁሉ ንግግሬን ስለማመድ አጠገቤ የነበረችው ሴት ቦታ ቀየረች።

ሚስተር ዳንከን የሚኖሩት የአረጋውያን ቤት ውስጥ ነው። ቅንድባቸው ላይ ያለው ጠባሳ በካሴቱ ላይ ከተረኩት ይበልጣል። ያን ጊዜ በረኛ ፊቱን ሳይሸፍን ነበር የሚቆመው። ናሙናው ጉልበታቸው ላይ ነበር። የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋኝ። ይህን መጽሐፍ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አልኩ።

መኮንን ታይፕ ታደርጋለች ነው ያለኝ፣ አሉ። ከዚያ ስድስተኛውን ምዕራፍ ገልጠው ማልያ የምታጥበውን ሴት ስም ከየት አመጣሽው አሉኝ።

ካሴት አሥራ አንድ፣ ሁለተኛው ጎን፣ አልኩ። ማንቆርቆሪያው ሲጮህ አንዲት ሴት ከኋላ ስሙን ታርማለች፣ ሌላ ሴት ናት ትላለች።

ሳቁ። እስኪያስላቸው ሳቁ። እህታቸው ናት የምታርመው። በየካሴቱ ነው የምታርማቸው። ደብተሮቼን ሰጠኋቸው፣ አንድ በአንድ አገላበጧቸው።

«መኮንን ጓደኛዬ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ሚስቴ ስትታመም ሆስፒታል ያመላለሳት እሱ ነው። ሌሊትም ቀንም።»

አለቀልኝ አልኩ በሆዴ።

ምን ትፈልጊያለሽ አሉኝ። ሽፋኑ ላይ ስሜ ከነአባቴ ስም፣ ጸሐፊ ተብሎ። የጋሼ መኮንን አዘጋጅ ተብሎ፣ እሱ ውሸት አይደለም፣ እሳቸው ባይኖሩ እነዚህ ካርቶኖች እኔ ጋ አይመጡም ነበር። ይሄው ነው አልኩ።

ስልኩን አንስተው ማተሚያ ቤቱ እንዲቆይ ነገሩት። ሰኞ ሁለታችሁም ኑ፣ አሉ። ሌላ ቃል አልሰጡኝም። ሲሸኙኝ ግን በሩ ድረስ ተሽከርካሪ ወንበራቸውን ገፍተው መጡ።

በባቡሩ ውስጥ እኩለ ቀን ሲያልፍ ስልኬን አየሁ። አልታተመም። ዛሬ ቢያንስ አልታተመም።

ቅዳሜ፣ 24

ፌርፋክስ ሁሉ ሰምቷል። ሰናይት ከሥራ ወሬውን ይዛ መጣች፦ የሽማግሌ ቃል ያፈረሰች ልጅ። አንዱ ከኮሌጅ የመጣ ጥጋብ ነው አለ። አንዷ ደግሞ ሂሳብ ስትከፍል ዝቅ ብላ «ጎበዝ በያት» አለቻት። እትዬ ብርቄን ሱቃቸው በር ላይ አገኘኋቸው። ሰላም አልኩ። አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ገቡ። ይሄኛው አሞኛል። ይመም።

ከሰዓት በኋላ ጋሼ መኮንን ደወሉ። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር። ከኋላቸው የመኪና ድምፅ ይሰማል።

«ስድስተኛውን ምዕራፍ አነበብኩት» አሉ።

ጠበቅኩ። የሚቀጥለውን ቃል ጠበቅኩ። አጥፍቻለሁ ይሉኝ ይሆናል ብዬ ነበር።

«ሰኞ ልውሰድሽ? ወደዚያው ነው የምሄደው» አሉ።

አስብበታለሁ አልኩ። እስካሁን እያሰብኩ ነው። መኪናቸው ውስጥ ቁጭ ብዬ እስከ ፓሳዴና ዝም ማለት እችል እንደሆነ አላውቅም። ሚስተር ዳንከን ጓደኛቸውን ይመርጡ እንደሆነም አላውቅም። ሥራ እንዳለኝም አላውቅም። ግን ይሄን አውቃለሁ፣ ሰኞ ምንም ቢወሰን የማይለወጥ ነው፦ አባት ቢሆን፣ ሽማግሌ ቢሆን፣ ቦርሳ የገዛልኝ ቢሆን፣ ጥፋቱ በስሙ ሳይጠራ ይቅር በይ የሚለኝን ሰው ከእንግዲህ እሺ አልለውም።