የትንኝን ሰዓት ያጠኑት ወይዘሮ ኛቶክ ዴንግ (1948–1992 ዓ.ም.)

ወይዘሮ ኛቶክ ከአባታቸው ከአቶ ዴንግ ፑዎትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኛታንግ በ1948 ዓ.ም. በኢታንግ ተወለዱ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ። አባታቸው ሲያርፉ ጋምቤላ ከተማ አጎታቸው ዘንድ መጥተው በ1966 ዓ.ም. በአንድ ጤና ጣቢያ በጽዳት ሥራ ተቀጠሩ፤ ዓመት ሳይሞላ ለወባ ምርመራ የደም ናሙና ማቅለም ለምደው የላቦራቶሪ ረዳት ሆኑ። በ1968 ዓ.ም. በባሮ ላይ በጀልባ ይሠሩ ከነበሩት ከአቶ ጎርደን ሙዎች ጋር ተጋብተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል። ሳቂታ ነበሩ፤ ሲቆጡም አይደብቁም።

በጥቅምት 1984 ዓ.ም. የመጨረሻ ልጃቸው ኛማል በስድስት ዓመቷ በወባ አረፈች። የደሟን ናሙና ያቀለሙት እናቷ ራሳቸው ነበሩ። ቤቱ ፀረ ወባ ከተረጨ ገና ወር አልሞላውም ነበርና የርጭቱ ኃላፊ አቶ ወንዳፍራሽ ለቅሶ ቤት መጥተው፣ ግድግዳው ከርጭቱ በኋላ በጭቃ ተመርጎ መድኃኒቱ ሳይሸፈን አልቀረም አሉ። ኛቶክ ግድግዳውን አልነኩም ነበር። ወሬው ግን ሰፈሩን አዳረሰ። ከዚያ ወዲህ ሴቶች ተሰብስበው ድንገት ዝም ካሉ፣ ስለ እርሳቸው ሲያወሩ የቆዩ ይመስላቸው ነበር።

ክልላችን በተቋቋመ በሦስተኛው ዓመት፣ በ1987 ዓ.ም.፣ አንድ የዩኒቨርሲቲ ቡድን የወባ ትንኝን ጠባይ የሚያጠና ላቦራቶሪ በከተማችን ከፈተ። ማስታወቂያው አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ ይፈልግ ነበር፤ ኛቶክም ሄደው አመለከቱ። የቡድኑ መሪ ዶክተር ጥዑመልሳን ትምህርታቸው እንደማይበቃ በትሕትና ቢነግሯቸውም ኛቶክ ከወንበሩ አልተነሡም።

«ዶክተር፣ ልጄ የተነደፈችው ቤት ሳትገባ ነው፤ አይቻለሁ። ትንኟ ስንት ሰዓት ነው የምትመጣው? ይህን ንገሩኝና እሄዳለሁ» አሏቸው።

ዶክተሩ መልሱን እነርሱም ገና እንደማያውቁት ነገሯቸው፤ በማግሥቱም ሥራ አስጀመሯቸው።

ሦስት ክረምት ሙሉ፣ ከኢታንግ እስከ ጎግ፣ መከላከያ ኪኒን እየዋጡ የምሽቱን የመጀመሪያ ፈረቃ ሠሩ። ደጅ ተቀምጠው እግራቸው ላይ ያረፈችውን ትንኝ ሳትነድፍ በቀጭን ቱቦ እየሳቡ የየሰዓቱን በየብልቃጡ ይለዩ ነበር። አቶ ጎርደን «ሚስቴን ትንኝ ወሰደብኝ» እያሉ ይቀልዱ ነበር። ሲቆጠር፣ በብዛት ትንኝ የተገኘው ሰው ገና ደጅ ተቀምጦ ራቱን በሚበላበት ሰዓት ነበር፤ የግድግዳው መድኃኒት ደግሞ ደጅ አይደርስም።

በሰኔ 1990 ዓ.ም. ይህንን ውጤት በጋምቤላ ስብሰባ ላይ በአማርኛና በኑዌርኛ አቀረቡ። ሲጨርሱ ጸጉራቸው የሸበተው አቶ ወንዳፍራሽ ከኋላ ተነሡ።

«ያን ጊዜ ሳላጣራ ነው የተናገርኩት። ወይዘሮ ኛቶክ፣ በሰው ፊት ነበርና የበደልኩዎት፣ በሰው ፊት ይቅር ይበሉኝ» አሉ።

ኛቶክ አለቀሱ። ይቅርታውንም ተቀብለው፣ ረጪዎቹ በየቤቱ ሲገቡ የትንኟን ሰዓት ለእናቶች እንዲነግሩ አደራ አሏቸው። አቶ ወንዳፍራሽም አደራውን ጠበቁ።

ባለፈው ኅዳር የጉበት ሕመም ጸናባቸው። ጅማ ነርስነት የምትማረው ልጃቸው አቢጋኤል ትምህርቷን ትታ ልታስታምማቸው ብትመጣ፣ ፈተናሽን ሳትጨርሺ እንዳላይሽ ብለው መለሷት። ጥር 9 ቀን 1992 ዓ.ም. በተወለዱ በአርባ አራት ዓመታቸው አረፉ። አቢጋኤል ፈተናዋን ጨርሳ የደረሰችው ትናንት ነው።

ወይዘሮ ኛቶክ ባለቤታቸውን አቶ ጎርደንን፣ ልጆቻቸውን ፑዎትንና አቢጋኤልን፣ እናታቸውን ወይዘሮ ኛታንግን ትተውልን ሄደዋል። የሰጠን ጌታ በእቅፉ ያሳርፋቸው፤ እናታቸውንም ያጽናልን። አሜን።