የእትዬ የሺ ፎቶ

ሐሙስ፣ የካቲት 12

እትዬ የሺ ዛሬ ሱቄ ድረስ ተቆጥተው መጡ። የአረጋውያን መርጃ ማኅበራችን ዱቄት ሲሰጣቸው የተነሡት ፎቶ ፌስቡክ ላይ ወጥቷል።

«ዱቄት ሰጥታችሁ ስሜን ወሰዳችሁት? እሁድ ልጄን ለጋብቻ ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ከአንበሳሜ ይመጣሉ። የለማኝ ልጅ ናት ሊሏት ነው!» አሉኝ።

የማኅበሩን ገጽ ለምትሠራው ለሰላም ወዲያው ደወልኩ።

«ጋሼ፣ የዚህን ፎቶ ያህል ለጋሽ ያመጣልን የለም እኮ!» አለችኝ።

«እኔ ጤፌን የምሸጠው የገበሬውን ችግር እያሳየሁ ነው እንዴ? አሁኑኑ አጥፊው።»

አጠፋችው።

አመሻሽ ላይ አንበሳሜ ያለው የእህል ደንበኛዬ ደወለልኝ።

«ፌስቡክ ላይ ያወጣችኋት አሮጊት አንጀቴን በላችኝ፤ እኔም ልርዳ» አለኝ።

ማን እንደሆኑ አልጠየቀም፤ እኔም አልነገርኩትም። የእትዬ የሺን ልጅ ሊያገባ ያሰበው ልጅ አጎት እሱ ነው፤ እሁድ ከሽማግሌዎቹ ጋር ይመጣል።