ዐሥራ ሁለት የጭድ ወንበሮችን ላሸጉልን ክቡር ኃላፊ

ለክቡር የአዳዲስ ምርቶች ፈቃድና ክትትል ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
አቃቂ ቃሊቲ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? በተለይ ወገብዎ እንዲበረታልዎ ከልብ እመኛለሁ። ሰው ቀጥ ብሎ ለመቀመጥ ምን ያህል ጤና እንደሚያስፈልገው ጠንቅቀው የሚያውቁ ሕፃናት ጎረቤቶች ስላሉኝ፣ ይህን ምኞት እንደ ተራ ሰላምታ እንዳይቆጥሩብኝ አደራ እላለሁ።

መዝገብ ቤትዎ ሦስት ጊዜ ስለጠፋሁበት ራሴን እንደገና ላስተዋውቅ። አቻምየለሽ እባላለሁ፤ አቃቂ በሚገኝ አንድ የክር ፋብሪካ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቼ የተሰናበትኩ ሴት ነኝ። ጎረቤቴ ሥርጉት የቤት ዕቃ ዲዛይን የተማረች ስትሆን፣ ልጇ ሃሌሉያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ጀርባዋ ስለማይጸናላት ያለ ድጋፍ መቀመጥ አትችልም። የእንጨት ወንበር ተሸክሞ ሚኒባስ መሳፈር አልተቻለም፤ ፕላስቲኩ ደግሞ ልጅቷን አንሸራቶ ይጥላታል። ስለዚህ ሥርጉት አንድ ሐሳብ አመጣች፦ የተከተፈ የጤፍ ጭድና የእንሰት ቃጫ ከጉሎ ዘይት በተሠራ ማጣበቂያ ለውሰን፣ በልጅቷ ጀርባ ልክ በተበጀ ቅርጽ ውስጥ አድርገን፣ በሙቀት ብንጨምቀው ቀላልና ጠንካራ ወንበር ይወጣዋል አለች። ባለሱቁ ሀይረዲን ቃጫውን ከስልጤ ከወላጆቹ ጓሮ አስመጣልን። በያጁ የሺዋስ ከአሮጌ የመኪና ክሪክ መጭመቂያ ሠራልን። ዐሥራ ሰባቱ ሙከራ አንዱ ሲፈረፈር፣ አንዱ ሲጣመም ከንቱ ቀረ። በዐሥራ ስምንተኛው ላይ ሃሌሉያ ተቀመጠች። ተቀምጣም ሁለት እጆቿን አንስታ ለረጅም ጊዜ ተመለከተቻቸው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ የእጆቿ ሥራ እሷን ደግፎ መያዝ ነበር። ሥርጉት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ወሬው ቱሉ ዲምቱ ደርሶ እንደ ሃሌሉያ ያሉ ልጆች ያሏቸው እናቶች ደጃችን ሲሰለፉ፣ ሕግ አክባሪ ዜጎች ነንና ፈቃድ ለመጠየቅ ወደ እርስዎ መጣን። ከዚህ ቀጥሎ የምዘረዝረው የተደረገልንን ውለታ ነው።

፩ኛ/ ስለ ሰጡን የእግር ጉዞ እናመሰግናለን። ቅጽዎ ላይ የሚገኙት ዘርፎች እንጨት፣ ብረትና ፕላስቲክ ብቻ ስለነበሩ፣ ሠራተኛዎ በትሕትና «እናቴ፣ ጭድ ከሆነ ግብርና ይሂዱ» አለችኝ። ግብርና ስሄድ ባለሙያው ወንበሩን አገላብጦ አይቶ «ይበላል?» ሲል ጠየቀኝ። «አይበላም፤ ይቀመጡበታል» አልኩት። «እንግዲያው የእኛ አይደለም» ብሎ ወደ እርስዎ መለሰኝ። በዚህ ሁኔታ ስምንት ወር ተመላለስኩ፤ ጉልበቴ ግን ከፋብሪካው ዘመን የባሰ እንጂ የተሻለ አልሆነም።

፪ኛ/ በመጨረሻ ፊርማዎ ያረፈበት ደብዳቤ ደረሰን፤ «ዐሥራ ሁለት ናሙና አዘጋጅታችሁ ለምርመራ አቅርቡ» ይላል። ሰልፍ ከያዙት እናቶች የዐሥራ ሁለቱን ልጆች ጀርባና ጭን አንድ በአንድ ለክተን በአርባ ቀን አደረስን። ሥርጉት ወንበሮቹን በተለያየ ቀለም ቀብታ የልጆቹን ስም በየወንበሩ ሥር በእጇ ጻፈች። መርማሪዎችዎ መጡ። አንዱ ወፍራም ሰው አንደኛው ወንበር ላይ በጫማው ቆመ፤ ወንበሩ ድምፅ እንኳ አላሰማም። ሌላው ግን የምርመራ ቅጹን ትቶ የማሸጊያ ወረቀት አወጣና «ያለ ፈቃድ ማምረት» ብሎ ጻፈ። የእርስዎን ደብዳቤ ባሳየው «ይሄ አቅርቡ ይላል እንጂ አምርቱ አይልም» አለኝ። ሳይመረት የሚቀርብ ወንበር እንዴት ያለ እንደሆነ ዛሬም ድረስ አልገባኝም፤ ትምህርቴ እስከ ስምንተኛ ክፍል ስለሆነ ይሆናል።

፫ኛ/ ወንበሮቹን ከነበሩበት ሳያነቃንቁ በአደራ ስለጠበቁልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። ወንበሮቹን የሠራንበት የቆርቆሮ ወርክሾፕ ታሽጎ ዐሥራ አራት ወር ቆየ። ሥርጉት ቂሊንጦ አንድ የልብስ ፋብሪካ ገብታ በፈረቃ ልብስ ትተኩሳለች። የሺዋስ ሥራ ፍለጋ ሞጆ ወረደ። እናቶቹ ግን ይመጡ ነበር፤ በተለይ ከዐሥራ ሁለቱ ልጆች የአንዱ፣ የቀነኒሳ እናት ዲንቄ በየሳምንቱ ልጇን አዝላ መጥታ በቆርቆሮው ቀዳዳ ወንበሩን ታሳየው ነበር። «ያውልህ፣ ሰማያዊው ያንተ ነው» ትለው ነበር። እኔ እዚያ መቆም ሲያቅተኝ ወደ ቤቴ እገባ ነበር።

ባለፈው ወር «በስህተት የታሸገ» የሚል ደብዳቤ ጽፈው በሩን አስከፈቱልን። ይቅርታ የሚል ቃል ፈልጌ አላገኘሁበትም፤ ገጹ ጠቦ ይሆናል። ሥርጉት ከሥራ ፈቃድ ወስዳ መጣች፤ እናቶቹም ልጆቻቸውን ታቅፈው መጡ። ወንበሮቹ አቧራ ከመልበስ በቀር አንዱም አልተሰነጠቀም፤ ስለ ጥራታቸው ማረጋገጫ የሰጠን ብቸኛው ምርመራ ይህ ነው። ዲንቄ ሰማያዊውን በነጠላዋ ጠርጋ ቀነኒሳን ልታስቀምጠው ሞከረች። አልገባም። ዳሌው ሰፍቷል፤ እግሩ ረዝሟል። ሁለተኛው ልጅም፣ ሦስተኛውም እንዲሁ። ክቡር ሆይ፣ ከዐሥራ ሁለቱ አንድም ልጅ በስሙ በተጻፈው ወንበር ላይ መቀመጥ አልቻለም። ያደጉት ልጆቹ ናቸውና ጥፋቱን በእርስዎ ላይ አላደርግም። ቀነኒሳ አላለቀሰም፤ ያለቀስነው እኛ ነን።

ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ መንበርዎ እንዲጸና፣ መደገፊያውም እንዳይላላ፣ ማኅተምዎም ቀለም እንዳያጣ በመመኘት እሰናበታለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
አቻምየለሽ ወልደየሱስ
የቀድሞ የክር ፋብሪካ ሠራተኛ፣ የአሁን ባለጉዳይ

በተጨማሪ፦ ሥርጉት ልጆቹን እንደገና መለካት ጀምራለች። ቅርጹን በምንሠራበት ጊዜ የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ጉዳያችንን እስኪጨርስ በልካቸው ላይ የስንት ወር ዕድገት እንጨምርበት? መልሱን በጽሑፍ ቢያሳውቁን ልጆቹ ጢም ሳያወጡ እናደርስላቸዋለን።