የጄኔሬተሩ ናፍጣ

እህቴ ፀደንዬ፣ እንደምን አለሽልኝ?

ናይሮቢ የመጣሁት አንድ የአበባ ኩባንያ በዓመት የሚለቀውን የሙቀት አማቂ ጋዝ ላሰላ አይደል? ዛሬ ዌስትላንድስ የሚባል ሰፈር ካለው ቢሯቸው ከሥራ አስኪያጁ ጋር ሳወራ መብራት ጠፋ። እኛ ሰፈር ቢሆን ሻማ እንፈልግ ነበር፤ እዚህ ጄኔሬተሩ ወዲያው ተነሳና እየተጯጯህን ቀጠልን።

«የጄኔሬተሩን ናፍጣ ከስሌቱ አውጪው፤ አልፎ አልፎ ነው የምንጠቀመው» አለኝ።

«ከመጣሁ ጀምሮ በየቀኑ ሲሠራ እየሰማሁ? ናፍጣው ካልገባ ሪፖርቱ ላይ አልፈርምም» አልኩት። እንዴት ከአፌ እንደወጣ እንጃ!

«እንግዲያው ነገ ለባለቤቶቹ ራስሽ ታስረጃለሽ» ብሎኝ ወጣ።

ቢያባርሩኝስ? ናፍጣውን ግን አላወጣውም። ጸልዪልኝ እባክሽ። ባልሽን ሚልኬሳን ሰላም በይልኝ። እማዬን ሥራው ቀላል ነው ብለሽ ሳሚልኝ፤ ይህን ፖስት ካርድ ግን እንዳታሳያት።

ዓለምፀሐይ