ፍሬን ልቀይር የወጣሁበት ቅዳሜ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣ ድሬዳዋ።

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ወንድሜ ጥሩነህ ያመጣልዎት መድኃኒት ተስማማዎት ወይስ ደረጃ ሲወጡ አሁንም ይቆረጥምዎታል? የእማዬስ ደም ግፊት ረጋ? ሙቀቱስ ዘንድሮ እንዴት አድርጓችኋል? እኔም፣ ባለቤቴ ሰረቀብርሃንም፣ ልጃችን ደላይትም በአካል ደህና ነን፤ ፈጣሪ ይመስገን። በአካል ያልኩት አውቄ ነው።

በስልክ ያልነገርኩዎ ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ ሁላችሁም ስለምትሰሙኝ ነው። እማዬ ይህን ከሰማች ዓይኗ እንቅልፍ አያይም። ወረቀቱን የሥራ ባልደረባዬ ዙሌይካ ለእህቷ ሠርግ ስትመጣ በእጅዎ ትሰጥዎታለች። ለብቻዎ ሆነው ያንብቡትና ለእማዬ የሚነገረውን እርስዎ ይምረጡ።

ነገሩ የተጀመረው በመኪናችን ፍሬን ነው። ከነሐሴ ጀምሮ ፍሬን ሲያዝ ይጮህ ነበር። የገዛነው ሳን ሆዜ ካለ ዲለር ስለሆነ ሰረቀብርሃን እዚያው ወሰደው። የአራቱም ጎማ ፍሬን ከነዲስኩ በሙሉ ይቀየር ብለው የወር ቤት ኪራያችንን የሚያክል ዋጋ ጻፉለት። በማግስቱ እኔ ሄጄ ያለቀውን የፍሬን ሸራ አሳዩኝ ብል፣ ደንበኛ ወደ ውስጥ አይገባም፣ ኢንሹራንሱ አይፈቅድም ተባልኩ። አባባ፣ ደሜ ፈላ። በእርስዎ ጋራዥ ውስጥ እጄ ግራሶ እንደነካ ያደግሁ ሰው ነኝ! ሰረቀብርሃን ግን፣ «እነሱ ከሠሩት ጋራንቲ አለው። አንቺ ሠርተሽው ፍሬኑ ቢከዳን ማንን እንጠይቃለን? የምትጭኚው ልጅሽን እኮ ነው» አለኝ። ያለው ነገር ትክክል እንደነበር አውቃለሁ። እልህ ግን ይዞኝ ነበር፤ ዕቃውን ፍሩትቬል ሰፈር ካለ የመለዋወጫ ሱቅ ገዝቼ ቅዳሜ ጠዋት ከአፓርትመንታችን ጀርባ ወዳለው ፓርኪንግ ወጣሁ። እሱ ደላይትን ዋና ሊያስተምራት ይዟት ሄዶ ነበር።

የፊቱን አንሥቼ፣ እርስዎ እንዳስተማሩኝ ክሪክ ብቻ ሳላምን ከሥር የብረት ድጋፉን ካባሌቶ አቁሜ፣ ክሪኩን አውጥቼ ወደ ጎን አደረግሁት። የቀኙን ጎማ ፈትቼ ሳየው የፊቱ ሸራ እውነትም አልቋል፤ ቀደም ብዬ ያየሁት የኋላው ግን ገና ደህና ነበር። በዚህ ደስ ብሎኝ ለብቻዬ እየሳቅሁ ሳለ ከወዲያ በኩል የመጋዝ ድምፅ ሰማሁ። አጠገቤ የቆመው የጎረቤታችን የጋሽ ወልደገርጊስ መኪና ነው። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ አሥመራ ተወልደው አዲስ አበባ ያደጉ፣ አማርኛቸው ከእኔ የጠራ፣ ደላይትን እንደ ልጅ ልጃቸው የሚያዩ ሰው ናቸው። እሳቸውም መካኒክ አምጥተው ይሆናል ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ። መኪናዬ ከልሎኝ ስለነበር እኔን ማንም አላየኝም።

ሌቦች ነበሩ። እዚህ አገር ከመኪና ሥር ገብተው የጭስ ማጣሪያውን ከቧንቧው ቆርጠው ይወስዱታል፤ ውስጡ ውድ ማዕድን አለው። ጋሽ ወልደገርጊስ በመስኮት አይተዋቸው ኖሮ በነጠላ ጫማ፣ ባዶ እጃቸውን እየጮሁ ወረዱ። ቀና ስል አንድ ረጅም ሰውዬ በብረት ቧንቧ ፊታቸውን ሲመታቸው አየሁ። አወዳደቃቸው እንደ ሰው አልነበረም፤ እንደተጣለ ጆንያ ነው የወደቁት። ይበቃዋል ስል በቡትስ ጫማው ጭንቅላታቸውን ይረግጥ ጀመር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ። የአጥንቱ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። መጋዙ ደግሞ አላቆመም፤ ሌላኛው ከመኪናው ሥር ተኝቶ ሥራውን ይሠራል።

እጄ ላይ የጎማ መፍቻው ነበር። አላሰብኩም፤ ሮጥኩ። መጀመሪያ ትከሻውን አልኩት። ዞሮ ቧንቧውን ሲያነሣብኝ ክርኑን መታሁት፤ ቧንቧው ከእጁ ወደቀ። ያን ጊዜ ሁለቱንም እጁን ወደ ላይ አድርጎ «ኦኬ፣ ኦኬ» እያለ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ጀመረ። ተሸንፎ ነበር፤ እኔም አይቼዋለሁ። አባባ፣ ለሦስተኛ ጊዜ መታሁት። ባለ በሌለ ኃይሌ አፉ ላይ መታሁት። ጥርሱ ሲረግፍ ሰማሁ። ስመታው ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ወደ ኋላ ተንገዳግዶ የጋሽ ወልደገርጊስን መኪና ባነሡበት በራሳቸው ክሪክ ላይ ወደቀ። ክሪኩ ተገለበጠና መኪናው ከሥሩ ባለው ሰውዬ ላይ ተቀመጠበት። የጮኸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ቀጥሎ የተሰማው አስፋልቱን በከንቱ የሚቆርጠው መጋዝ ነበር፤ እሱም ቆመ። ረጅሙ ሰውዬ ደሙን እየተፋ ተነሣ፤ ከመኪናው ሥር የወጣውን የጓደኛውን እጅ አየ፤ ከዚያ የመጡበትን መኪና አስነሥቶ ጥሎት ሄደ።

ጎንበስ ብዬ አየሁት። ፂሙ የሸበተ፣ ምናልባት ሃምሳ የሚሆነው ሰው ነው። ብረቱ ከዳሌው እስከ ጉልበቱ ተጭኖት፣ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ «ፕሊስ» ይላል። ጋሽ ወልደገርጊስ ደም እያነቃቸው፣ «ተይው! እዚያው ይሙት!» አሉኝ። እኔም ቆምኩ። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም፤ ግን ቆሜያለሁ። ከዚያ የራሴን ክሪክ ጎትቼ አመጣሁ። እጄ በደም እየተንሸራተተ መኪናውን አነሣሁ፤ ተመልሶ እንዳይወርድበት የፈታሁትን ጎማ ከሥሩ አጋደምኩ። አልጎተትኩትም፤ ስልኬን መሬት ላይ አድርጌ አምቡላንስ ኮል ሳደርግ እጄን ያዘኝ፣ እስኪመጡም አልለቀቀኝም።

ፖሊሱ ስንት ጊዜ መታሽው ሲለኝ ሁለት አልኩ። መኪናውስ እንዴት ወደቀ ሲለኝ ክሪኩ ተንሸራትቶ ይሆናል አልኩ። ጻፈውና ጎበዝ ነሽ አለኝ።

ጋሽ ወልደገርጊስ ተርፈዋል። መንጋጋቸው በሽቦ ታስሯል፤ የግራ ዓይናቸው ግን አያይም። ባለቤታቸው ወይዘሮ አምለሰት ሾርባ በቀጭን ቱቦ ያጠጧቸዋል፤ ሁለቱም ባዩኝ ቁጥር ይመርቁኛል። ረጅሙን ሰውዬ ጥርሱን ሊታከም ሆስፒታል ሲገባ ያዙት። ከመኪናው ሥር የነበረው ግን አንድ እግሩ ተቆርጧል።

የእኛን መኪና ሰረቀብርሃን አስጭኖ ዲለሩ ጋ አስጨረሰው። እምቢ አላልኩም። መቀበያው ክፍል ተቀምጬ ውስጥ የጎማ መፍቻ ማሽኑ ሲጮህ ተነሥቼ ደጅ ወጣሁ። ማታ ሰረቀብርሃን፣ «መጀመሪያውኑ ለእነሱ ሰጥተሽው ቢሆን ይሄ ሁሉ አይደርስብሽም ነበር» አለኝ። ጋሽ ወልደገርጊስንስ ማን ያስጥላቸው ነበር? ብዬ ጠየቅሁት።

እንዲህ ሆኖ ሊቀር ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን በፖሊስ በኩል አንድ ካርድ ደረሰኝ። እግሩ የተቆረጠው ሰውዬ እህት ናት። ወንድሜ ሌባ መሆኑን አውቃለሁ፣ አንቺ ግን ከሞት አውጥተሽዋል፣ ዕድሜ ይስጥሽ ትላለች። ደላይት ካርዱን አይታ፣ «ሞም፣ ዩ ሴቭድ ሂም?»፣ አዳንሽው ወይ አለችኝ። ልጄን ዓይኗን ማየት አቃተኝ።

ረቡዕ ከሥራ ቀርቼ መርማሪው ጋ ሄድኩ። ሦስት ጊዜ ነው የመታሁት፣ ሦስተኛውን የመታሁት እጁን አንሥቶ ሳለ ነው፣ መኪናው የወደቀው በዚያ ምክንያት ነው አልኩት። ጣቱን ኪቦርዱ ላይ እንዳደረገ፣ ይህን መናገር አይጠበቅብሽም ነበር፣ አሁን ግን ስለሰማሁ እጽፈዋለሁ አለኝ። ፈረምኩ። ዐቃቤ ሕጉ ገና አልወሰነም፤ ጠበቃ ይዘናል። ሰረቀብርሃን ሁለት ቀን አኮረፈኝ። በሦስተኛው ቀን፣ «እኔ ብሆን አልናገርም ነበር» አለና አቀፈኝ። ጋሽ ወልደገርጊስ ግን በታሰረ መንጋጋቸው እንኳን አትሳሳቺ፣ ሁለት ነው በይ ይሉኛል፤ እስካሁን ተቀይመውኛል።

ለሰውየው እህትም ጻፍኩላት። ምስጋናሽ አይገባኝም፣ ነገሩ እንዲህ ነው ብዬ ሁሉንም ነገርኳት። መልስ ገና አልመጣም። ፖስታ ሳጥኑን በቀን ሁለቴ እከፍታለሁ።

እማዬን ሁለቱንም ጉንጯን ይሳሙልኝ። ጥሩነህን ጤናውን እንዲጠብቅ ይንገሩልኝ፤ ሚስቱንና መንታዎቹን በየስማቸው ሰላም ይበሉልኝ። በጋራዡ ላሉትም ሠራተኞች ሰላምታዬ ይድረስ። እርስዎ ግን አባባ፣ ተቆጥተውም ከሆነ ቁጣዎን ይጻፉልኝ፤ ዝም ብቻ አይበሉኝ።

ልጅዎ ምሥጢር
ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ
ጥቅምት 15 ቀን 2018 ዓ.ም.